ያልመለሰችው ጥያቄ

መስከረም 18

ይድረስ ለእህትዓለም፣

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። ለባለቤትሽ ጉልበት፣ ለልጆቹ ማስተዋል፣ ላንቺም የማያልቅ ትዕግሥት ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ ቢሮዬ ግን ይሞቃል፣ ስለዚህ ከቢሮዬ ንቅንቅ አልልም።

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው። ንዴቴን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምታውቂው አልሸፋፍነውም። ሁለተኛው ዙር መጠይቅ ደረሰኝ። መጠይቅ ነው ወይስ ወንፊት? አምና የፋብሪካችሁን ሠራተኞች ክሊኒክሽ ውስጥ አስቀምጠሽ ስታስሞያቸው፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጥያቄ የዘለሉት ጥቂት ነበሩ። ዘንድሮ ሲሶው ባዶ ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ባዶ። ስለ ራስ ምታት፣ ባዶ። «ባለፈው አንድ ዓመት ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» የሚለውንማ የመለሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ዕድሜውን ሳይቀር የዘለለ አለ። ሰው ዕድሜው ይጠፋዋል?

ጥቂት ባዶ ቦታ ችግር የለውም፤ የምንሞላበት ዘዴ አለን። ይህን ያህል ከሆነ ግን ጥናቴ ስለ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ጤና መሆኑ ቀርቶ ስለ እኔ ግምት ይሆናል። አንቺ ነርሳቸው ነሽ፣ ያከብሩሻል። ምን እንደነካቸው ጠይቂልኝ።

የተበላሸው የደም ግፊት መለኪያሽን አልረሳሁትም፤ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ በደህና ገባልኝ። እጅህ አይድከም፣ ዓይንህ አይፍዘዝ፣ የምትሠራው ሁሉ ይባረክልህ። እኛ ሁላችንም አለን። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መለኪያውን ከላክህልኝ ውለታህ ብዙ ነው። የዚህኛው ጎማ ስለሚያፈስ በአውራ ጣቴ ደፍኜ ነው የምለካው። ባለፈው አንዱ በያጅ «ሲስተር፣ የኔን ግፊት ነው የምትለኪው ወይስ የጣትሽን?» አለኝ።

ስለ ባዶው ቦታ ጠየቅኳቸው። ይስቃሉ። አንዱ «እንቅልፌን ጽፌ ከሰጠሁሽ እኔ በምን ልተኛ?» አለ። ሌላው «ዕድሜዬን ለሚስቴም አልነገርኩም» አለ። ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። ድሮ ሥራ ሲወጡ ገብተው ወንበሬ ላይ ዘፍ ይሉ ነበር። አሁን በር ላይ ቆመው መድኃኒታቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያምናው መልሳቸው አሁን የት ነው ያለው? ማን ያየዋል? ስማቸውን አውጥቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር። እኔም የእያንዳንዳቸውን ዓይን እያየሁ «ማንም አያውቅም» ብያለሁ። ያልኩት አንተ ስላልከኝ ነው።

እህትህ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለእህትዓለም፣

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይራቅ። መለኪያው በፖስታ ተልኳል፤ በእጅ የሚነፋ ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ ነው፤ አውራ ጣትሽ ትረፍ።

ጥያቄሽ ቅር አላሰኘኝም ብል ዋሸሁ። ስም የለም፤ ስም የያዘውን ገጽ ራሴ በማሽን አስፈጭቼዋለሁ። የትውልድ ቀን የለም፤ ዕድሜያቸውን በአሥር በአሥር ዓመት ከፋፍዬዋለሁ። ሰፈር የለም። የፋብሪካው ስም የለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር ነው። ፋይሉን በተቋማችን ገጽ ላይ ያወጣሁት ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራዬን እንዲፈትሹት ነው። የማይፈተሽ ሥራ ወሬ ነው። ስለዚህ ማንም ሊያየው ይችላል፤ የማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ልዩነቱ ይገባሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንዲያውም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥቂት ሰው ያላቸውን ሥራዎች በአንድ አጠቃለህ «ሌላ» በላቸው ብሎኝ ነበር። የክሬን ሠራተኛና ዘበኛ በአንድ ከረጢት? መረጃ አላበላሽም አልኩት። አኮረፈ።

እንግዲህ ልብሽ ይረፍ። ሦስተኛው ዙር በጥር ይጀመራል፤ አደራ።

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ፈጣሪ ካንተ ጋር ይሁን። መለኪያው ደርሶልኛል። ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ለጊዜው ምንም ነገር አትላክልኝ።

ስትደውል ያላነሣሁት ድምፄ እንዳያስታውቅብኝ ነው። ጽፌ ይሻለኛል።

እዚህ አንዲት የክሬን ሠራተኛ አለች፤ ጣሪያ ሥር ባለው ሐዲድ ላይ በምትሄድ ካቢን ውስጥ ተቀምጣ የብረት ጥቅል የምታነሣ። ሠራተኛው «አሞራዋ» ይላታል፣ በፍቅር ነው። ሴት ሆና ክሬን የምትነዳ እሷ ብቻ ናት። የደህንነት ኃላፊያችን ደግሞ ማታ ማታ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። ለመመረቂያው ቁጥር ሲፈልግ ያንተን ፋይል አገኘ። የየት ፋብሪካ እንደሆነ በምን አወቀ ብትል፣ በጥናትህ መጨረሻ ላይ ለክሊኒኩ ነርስ ምስጋና ጽፈሃል፤ «ለአክስቴ ልጅ» ብለህ። ደስ ይበላት ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። ሰውየው የአክስቴ ልጅ መሆንህን ያውቃል፤ አምና ስኮራብህ ለሁሉም አውርቻለሁ።

ሁለተኛው መጠይቅህ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እሷንና እኔን ቢሮው ጠራን፤ ያን ጊዜ ልጽፍልህ አልደፈርኩም። ኮምፒውተሩን ወደኛ አዞረ።

«ሴት የሚለውን መረጥኩ። ክሬን የሚለውን መረጥኩ። አንድ መስመር ቀረ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ማን አለ?»

«አንቺው ነሽ ያልሽው። ይኸው፣ ‹አዎ› ይላል።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«እኔ ከኮምፒውተር ጋር አልከራከርም። ከሥርሽ ስንት ሰው እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ያ ጥቅል አንድ ቀን ቢለቅ ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ ነኝ!»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እረግመው ነበር።

አሁን ከክሬኑ አውርደው የብረት ፍቅፋቂ ያስጠርጓታል። ያን ካቢን ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ወንዶቹ ሲስቁባት ችላ፣ ፈተናውን አልፋ ነው የያዘችው። የዘንድሮው መጠይቅህ ለምን ባዶ እንደሆነ ገባህ? የእሷ ወሬ በአንድ ቀን ፋብሪካውን አዳረሰው። እኔን አታናግረኝም። ትናንት አጠገቧ ስደርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ መጥረግ ጀመረች፤ የጠረገችውን ቦታ መልሳ።

እባክህ መስመሯን እይልኝ። አላልኩም ትላለች።

እህትህ


ኅዳር 24

እህትዓለም፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆይልሽ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ኃላፊው እንዳደረገው አደረግሁ፤ ሴት፣ ክሬን። አንድ መስመር። እኔ እኮ ይህን የማያውቅ ተማሪ በፈተና የምጥል ሰው ነኝ። ባልደረባዬ «ሌላ» በላቸው ያለኝ ለዚህ ነበር። ምስጋናውን ደግሞ ማን ጻፍ አለኝ?

ከዚያ ያልነካሁትን የመጀመሪያውን ፋይል አወጣሁ። ያ ጥያቄ ላይ መልስ የላትም። «አዎ»ም «አይ»ም አላለችም። ባዶ ነው። «አዎ» ያለው የእኔ ኮምፒውተር ነው።

ላስረዳሽ። አንድ ሰው ጥያቄ ሲዘል፣ በዕድሜ፣ በሥራ፣ በእንቅልፍ፣ በራስ ምታት እሱን የሚመስሉ ሌሎች ምን እንደመለሱ ይታይና በዚያው ልክ ዕጣ ተጥሎ ይሞላል። ዕጣ ስለሆነ አንዴ ሞልቶ ማመን ነውር ነው። አሥር ጊዜ በአሥር ቅጂ ይሞላና አሥሩ በአንድነት ይመዘናሉ። ይህ ስለ ብዙኃኑ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ አንዲት ሴት ግን ምንም አያውቅም። አሥሩንም ቅጂ አየሁ። በስድስቱ ራሷን ስታለች፣ በአራቱ አልሳተችም። ለሕዝብ ያወጣሁት የመጀመሪያውን ቅጂ ብቻ ነው፤ አሥሩ ይከብዳል ብዬ። የትኛው መልስ የሰው፣ የትኛው የማሽን እንደሆነ የሚለየውንም ዓምድ ቆርጬ ጣልኩት፣ ሠንጠረዡ እንዲያምር። እንዲያምር ብዬ፣ እህትዓለም!

አሁን ቀላሉ መንገድ «የእሷ መልስ የማሽን ነው» ብሎ መጻፍ ነበር። አልችልም። እንዲህ ካልኩ መስመሩ የእሷ መሆኑን በማኅተም አረጋገጥኩላቸው ማለት ነው። ነገ ደግሞ «ታዲያ ለምን ዘለለችው?» ይላሉ። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁና ለኃላፊው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ በፋይሉ ውስጥ ብዙ መልሶች በግምት የተሞሉ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይለይም፤ ስለዚህ በየትኛውም መስመር ተመሥርቶ በማንም ሠራተኛ ላይ መወሰን ስህተት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በተቋሙ ማኅተም ዛሬ ወጥቷል። ፋይሉንም ከገጹ አንሥቻለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ጥያቄ ሁሉ በጥንቃቄ መልሳለች። ያንን ብቻ ለምን ተወችው? የምታውቂው ካለ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 13

እህትዓለም፣

ደህና ነሽ ወይ? ደብዳቤዬ ደርሷቸዋል? መልሰዋታል? ስደውል ልጅሽ ታነሣና «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። በቀን፣ በምሳ ሰዓት። አንቺ በቀን ተኝተሽ አታውቂም።

ሌላውን ሁሉ ተይው። ያን አንዱን ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 22

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ያለህበትን ይባርክልህ፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤህ ሠርቷል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበውና «ሳይንቲስቱ ራሱ አላውቅም ካለ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለ። ሰኞ ወደ ካቢኗ መለሷት። መሰላሉን ስትወጣ ፈረቃው በሙሉ አጨበጨበ። አንዱ «አሞራዋ፣ ጎጆሽ ናፍቆሻል!» ብሎ ጮኸ። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ ከኪሴ አልወጣ አለኝ።

ለምን ተወችው ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ነኝ ዝለይው ያልኳት።

መጠይቁን ከመሙላቷ በፊት በነበረው ወር፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት። ከሁለታችን በቀር ያየ የለም። ውኃ አርከፍክፌ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን አየኝ?» ብላ ነው። «ማንም» አልኳት። «እባክሽ ሲስተር፣ ሆድ ይፍጀው» አለች። እሺ አልኩ። የክሊኒኩ መዝገብ ላይም አላሰፈርኩትም። ሐኪም ይይሽ ብላትም ሥራዬን ትነጥቂኛለሽ ብላ አለቀሰች፤ ተውኳት። ከዚያ ያንተ መጠይቅ መጣ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየሞላች እዚያ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ውሸት ልጻፍ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አትዋሺ። ዝለይው። ባዶ ቦታ ማንንም አይጎዳም» አልኳት።

ኮምፒውተርህ እንዴት አወቀ?

ለምን እንደወደቀች አላውቅም። ድካም ይሁን፣ ሙቀት ይሁን፣ ሌላ ይሁን። አሁን የክሊኒኩ መስኮት ላይ ቆሜ ካቢኗ ስትሄድ አያለሁ፤ ከሥሯ ሰዎቹ ይሠራሉ። ብናገር ሁለተኛ አሳልፌ ሰጠኋት። ዝም ብል ደግሞ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ነፍስ በእኔ አንገት ነው። ምን ላድርግ?

እህትህ


ታኅሣሥ 30

እህትዓለም፣

ትናንት ስደውል ስላነሣሽልኝ አመሰግናለሁ። ተላቅሰን፣ «ሂጂና አናግሪያት» ከማለቴ በቀር ምንም ሳንባባል ዘጋነው። የቀረውን ልጻፍልሽ።

ኮምፒውተሩ አላወቀም። ዕጣ ጣለ፣ ዕጣው ገጠመ። ግን ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ዘዴው በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፦ ዝም ያሉት፣ ከሚመስሏቸው ከተናገሩት አይለዩም የሚል። ይህን በጥናቴ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው ግን ዝም የሚለው የሚናገረው ስላለው ነው። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት ያስፈልጋል?

ደብዳቤዬ ቃል በቃል እውነት ነው። አንድ የሐሰት ቃል የለበትም። እሷን ሳትመረመር ወደዚያ ካቢን ያወጣት ግን እሱ ነው።

አንቺንም አልምርሽም፣ ነርስ ነሽ! ወድቃ ያገኘሻትን ሴት ሐኪም ሳያያት እንዴት ወደ ሥራዋ ትለቂያለሽ? ይህን ጽፌ አፍራለሁ፤ «ባዶ ቦታ ማንንም አይጎዳም» ያልሽውን እኔም በሌላ ቋንቋ ስለው ነው የኖርኩት፣ ያውም በደሞዝ።

ለኃላፊው አትንገሪ። እኔም አልናገርም። እስካሁን ካላናገርሻት ሂጂ። ያደረግነውን ሁሉ ንገሪያት፣ አሥሩን ቅጂ ሳይቀር። ከፋብሪካው ውጭ የራሷን ሐኪም ትምረጥ፤ እስከዚያ ግን መሰላሉን እንዳትወጣ ለምኛት። ምን አለሽ ብለሽ አትጠይቂያት። ብትሰድብሽ ስሚ፤ የእኔንም ድርሻ ተቀበዪልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ ነገሩ እስኪለይ ነው።

የዚያኑ ዕለት፣ ስልኩን እንደዘጋን ቤቷ ሄድኩ። የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ሳታስቀምጥ በሩን ከፈተችልኝ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታስሞይኝ ነው ሲስተር?»

ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ «እኔ ዝም አልኩ፣ አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«ዝም ያልኩትን ማን ፈቅዶለት ነው የተናገረልኝ?»

አሥሩን ቅጂ ስነግራት ግን ሳቀች፤ ካውያውን አስቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። «ስድስት ጊዜ ወድቄ አራት ጊዜ ተነሣሁ በይኛ! ወንድምሽ ሰው ነው የሚያጠና ወይስ ቦክስ የሚዳኝ?» ሳቋ እንዳቆመ ተቆጣች። ያለችንን አልጽፈውም፤ ያንተን ድርሻ ተቀብያለሁ።

«የወደቅኩ ቀን እኮ…» ብላ ጀመረች። «አትንገሪኝ» አልኳት። ላውቅ ግን ምላሴ ድረስ መጥቶ ነበር።

በማግስቱ ወገቤን አሞኛል ብላ ፈቃድ ወሰደች። ሌላ ከተማ ሄዳ ታየች። ውጤቱን አላሳየችኝም። ስትመለስ በቀጥታ ኃላፊው ዘንድ ገብታ «ክሬን ላይ ብቻዬን አልወጣም» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም። በየካቢኑ ሁለት ሰው ይሁን፤ ለሁላችንም። ለእኔ ብቻ ካደረግኸው አልፈልግም፣ መጥረጊያዬን ስጠኝ።»

ወንዶቹ የክሬን ሠራተኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ። በኋላ አንደኛው፣ ጸጉሩ የሸበተው፣ «እኔም ብሆን አንዳንዴ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፤ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል» አለ። ከዚያ ሌላውም ተናገረ። ኃላፊው ለሙከራ ብሎ ፈቀደ። ረዳቶቹ እስኪሠለጥኑ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያ እሷ ሥር ሆና ምልክት ትሰጣለች እንጂ አትወጣም፤ የራሷ ውሳኔ ነው። ከተመረጡት አንዷ አብራት ስትጠርግ የነበረች ሴት ናት። ትናንት በረፍት ሰዓት የካቢኑን እጀታዎች በጠመኔ ወለል ላይ ሥላላት ስታስተምራት አየሁ። ሐኪሙ ያላትን ዛሬም አላውቅም።

ላንተ አንድ መልእክት አላት። «መስመሬን ያውጣልኝ። የመለስኩትንም ያልመለስኩትንም» ብላሃለች። የፈረመችው ወረቀት ላይ በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ ይላል፤ አነበበችልኝ።

ሦስተኛውን ዙር እኔ አላስሞላልህም። ወንበሬ ላይ ተመልሰው መቀመጥ ጀምረዋል። ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

እህትህ


የካቲት 17

ይድረስ ለእህትዓለም፣

ጤና ለአንቺ፣ ጤና ለእሷም።

የተጠየቅሁትን አድርጌያለሁ። ጥናቱን አርሜ አወጣሁ። ምስጋናውን ሰረዝኩ። የክሬን ሠራተኞችን «ሌላ» ውስጥ ከተትኳቸው፣ ባልደረባዬ እንዳለኝ። የተሞላው መልስ ሁሉ የተሞላ መሆኑ ይታያል። ያ እምነት አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ገጽ ሆኗል፤ ዝም ያሉት ከተናገሩት የባሱ ቢሆኑስ ብዬ ሁሉንም እንደገና አስላሁት። ያኔ የኮራሁበት ውጤት ግማሹ ተነነ። ለተቋሙም ያጠፋሁትን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ምን እንደሚሉኝ ገና አልነገሩኝም። ሦስተኛው ዙር ቀርቷል።

የአሞራዋን መስመር ከመጀመሪያው ፋይልም፣ ከአሥሩም ቅጂ፣ ከመጠባበቂያውም አጥፍቻለሁ። ወረቀቱንም ፈጭቻለሁ። ቀድመው ፋይሉን የወሰዱ ሰዎች ዘንድ ግን አለ፤ እዚያ እጄ አይደርስም። ይህንን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት።

ሌላም የምትነግሪያት አለ፤ ወይም አትንገሪያት፣ አንቺ ፍረጂ። የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት መስመሯን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ። ራሷን የሚያማት መቼ መቼ እንደሆነ። ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ። ሥራው ምንም አያስፈልገውም ነበር፤ ማጥፋት ብቻ ነበር የቀረኝ። የማን እንደሆነ እያወቅሁ አነበብኩት።

ወንድምሽ